በእጅና በካምቢዮ መካከል

ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ወይም ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ ላይ ወደ ባሕር ዛፉ የሚወጣ መኪና አንዳንዴ ዳገቱ መሐል መቆም ግድ ይሆንበታል። ሾፌሩ ፍሬን እንደረገጠ ማርሹን «ፒ» (መቆሚያው) ላይ ያደርጋል፣ የእጅ ፍሬኑን ይስባል፣ ሞተሩን ያጠፋል። አብሮት ያለው ሰው ፈጠን ብሎ ይወርድና ከመንገዱ ዳር ድንጋይ አንሥቶ ከኋላ ጎማው ሥር ይሸጉጣል። ታኮ ነው። መስተዋቱ ላይ መቁጠሪያ ተንጠልጥሏል፤ ከመሪው ፊት ለፊት የቅዱስ ሚካኤል ሥዕል ተለጥፏል። መኪናዋ ቆማለች።

ማን ያዛት?

አንዳንድ ምእመን ድንጋይ መፈለግን፣ መኪና ማስፈተሽን፣ ኪኒን መዋጥን እምነት እንደ ማነስ ይቆጥረዋል። «ጠባቂዬ ከላይ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ ድንጋዩ ከተቀመጠ ወዲያ ሥዕሉ ለጌጥ እንጂ ለምንም አይደለም ባይ ነው። ሁለቱ የማይስማሙ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ነገር ተስማምተዋል፤ ፈጣሪ ከሠራ ድንጋዩ ሥራ ፈት ነው፣ ድንጋዩ ከሠራ ፈጣሪ የለበትም ብለው ያምናሉ። ስሕተቱ ያለው እዚሁ ስምምነታቸው ላይ ነው። ይህን ለማየት ከአሮጌ አውቶማቲክ መኪና ሆድ ሥር በጀርባ መተኛት ሳይረዳ አይቀርም።

አዲስ አበባ አሮጌ መኪና የማይሞትባት ከተማ ናት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ተከለከለ። ስለዚህ በእጅ ያለው ይጠገናል፣ እንደገና ይጠገናል፣ ለልጅ ይተላለፋል። ቮልሱም ላዳውም ፔጆ 404ም በእጅ ማርሽ የሚሄዱ ናቸው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ካላቸው አሮጌዎች መካከል «123» የሚባለው መርሰዲስ ይጠቀሳል፤ እ.ኤ.አ. ከ1976 እስከ 1986 ድረስ ወደ 2.7 ሚሊዮን የሚጠጋ ተመርቷል። ከኮተቤ እስከ መገናኛ ባሉት ጋራዦች በር ላይ አንዱ ኮፈኑን ከፍቶ ቆሞ ቢታይ ማንም አይገረምም።

በዚህ ዓይነት መኪና ሾፌሩ የሚጨብጠው እጀታ ካምቢዮውን ጨርሶ አይነካውም። ከወንበሩ አጠገብ ያለው እጀታ ከወለሉ ሥር አንድ ቀጭን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ከካምቢዮው ጎን የወጣችውን ትንሽ የብረት ክንድ ይስባል፤ ክንዷ ደግሞ ውስጥ ያለውን የዘይት መተላለፊያ ትከፍታለች ወይም ትዘጋለች። እጀታው «ፒ» ላይ ሲደርስ ካምቢዮው ውስጥ እንደ ጣት ያለች የብረት ጥርስ ወርዳ ጥርሳም ጎማ ውስጥ ትገባና ወደ ኋላ እግር የሚሄደውን ዘንግ ትቆልፋለች። አንድ ቶን ከግማሽ የሚመዝን ብረት ዳገት ላይ የሚይዘው ይህ ጥርስ ነው።

እጀታው ዘንጉን፣ ዘንጉም ክንዷን በሚይዝበት መጋጠሚያ ላይ ታዲያ ከሳንቲም ብዙም የማትበልጥ የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቀለበት አለች። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ፣ ነገር ግን እንዳይላላ ታደርጋለች። ከጭስ ማውጫው የሚመጣ ሙቀት ያደርቃታል፤ ከሞተር የሚንጠባጠብ ዘይት ያሳብጣታል፤ ሠላሳና አርባ ዓመት ሲሞላት ትሰነጠቅና ተፈርፍራ ትወድቃለች። ሾፌሩ ያኔም አያውቅም። እጀታው ብቻ ትንሽ ይወላከፋል። ፊደሉ «ፒ» ይላል፤ ጥርሷ ግን ከጥርሳሙ ጎማ አፋፍ ላይ ቆማለች፣ አልገባችም።

ማስተካከሉ ረጅም ሥራ አይደለም፤ ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። መካኒኩ አስቀድሞ ጎማዎቹን በታኮ ይይዛል፤ ዘንጉን ሲፈታው መኪናዋን የሚይዛት ምንም ማርሽ አይኖርምና። መኪናዋን በክሪክ አንሥቶ በጠንካራ መቆሚያ ላይ ያሳርፋታል። ከሥር ገብቶ መያዣዋን ያወልቃል፣ ዘንጉን ይለያል፣ የደቀቀችውን ቀለበት በካቻቪቴ ፈልቅቆ ያወጣል። አዲሷን ከሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሻጮች አግኝቶ ከሆነ መልካም፤ ካላገኘ ቶርኖ ቤት ሄዶ ከጠንካራ ፕላስቲክ ያስቀርጻል። አዲሷ ቀለበት ግትር ስለሆነች ሙቅ ውኃ ውስጥ ትንሽ ትቆያለች፣ ግራሶ ትቀባለች፣ ከዚያ በፒንሳ ተጨምቃ ትገባለች። ቀጥሎ ያለው ነው ዋናው። የካምቢዮዋን ክንድ በእጁ እስከ መጨረሻው ይገፋታል፤ ያ «ፒ» ነው። ከዚያ እየመለሰ ይቆጥራል፦ ጠቅ፣ «አር» (የኋላ ማርሽ)፤ ጠቅ፣ «ኤን» (ዜሮ)። ላይ ያለው እጀታም «ኤን» ላይ ይደረጋል። የዘንጉ ርዝመት ሁለቱን ሳይጎትት ሳይገፋ እንዲያገናኝ ተስተካክሎ ዳዶው ይጠብቃል። ፈተናው ቀላል ነው፤ ሞተሩ በ«ፒ»ና በ«ኤን» ብቻ መነሣት አለበት፣ በሌላ ላይ ከተነሣ ሥራው አላለቀም።

ሰነፍ ጥገናም አለ። ቀለበቷን በውስጥ ጎማ ቁራጭ ተክቶ በሽቦ ማሰር ይቻላል። ከዚህ የሚብሰው ግን ባለቤቱ ራሱ የሚለምደው ልማድ ነው፦ «ፒ ስታደርገው ትንሽ ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ ያኔ ይይዛል።» ሰውየው ከጉድለቱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። እጁ ተምሯል። አንድ ቀን ግን መኪናውን ለወንድሙ ያውሳል፣ ወይም ልጁ ይዛው እንጦጦ ትወጣለች። እሷ የምታየው ፊደሉን ነው። ከታች በኩል ደግሞ የባሕር ዛፍ ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ጎንበስ ብለው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ቀና ብለው ወደ ኋላ እንዲያዩ አይፈቅድላቸውም።

ይህ የግምት ሥጋት አይደለም። በአሜሪካ የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1966 እስከ 1980 ባመረታቸው አውቶማቲክ መኪኖች እጀታው «ፒ» ላይ የደረሰ እየመሰለ በ«ፒ»ና በ«አር» መካከል እየቆመ፣ ከዚያም ወደ «አር» እየተንሸራተተ ሰዎች ሞተዋል፣ ተጎድተዋል። ጉዳዩ በ1980 መጨረሻ ሲዘጋ ኩባንያው መኪኖቹን መልሶ እንዲጠግን አልተገደደም፤ ለ23 ሚሊዮን ያህል ባለንብረቶች ከመሪው ፊት የሚለጠፍ የማስጠንቀቂያ ወረቀት ላከ። ወረቀቱ ሾፌሩ ከመውረዱ በፊት ማርሹን አረጋግጦ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ፣ ሞተሩን እንዲያጠፋ ይመክራል። ምክሩ እውነት ነው። ግን የተለጠፈ ነገር፣ ወረቀትም ይሁን ሥዕል፣ የላላውን መጋጠሚያ አያጠብቀውም።

አማርኛ ለዚህ መካከል ላይ ለሚቆመው ነገር የራሱ ቃል አለው፤ ምክንያት። ሁለት ሰዎችን ያስተዋወቀ ሰው «ለትዳራቸው ምክንያት የሆነው» ይባላል። ከሞት የተረፈ ሰው «እግዚአብሔር እሱን ምክንያት አድርጎ አተረፈኝ» ይላል። ይኸው ቃል ዞር ሲል ደግሞ ማምለጫ ይሆናል፤ ሥራውን ላልሠራ ሰው «ምክንያት አታብዛ» ይባላል፣ «ምክንያተኛ» ማለትም ስድብ ነው። ሰበብ የሚለው ቃልም እንዲሁ ሁለት ፊት አለው። ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ በዚያ ቋንቋ ጥንተ ትርጉሙ ገመድ ነው፣ ሰው ወደሚፈልገው ነገር የሚደርስበት ገመድ። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች «ሰበብ ማድረስ» ሲሉ ይህን የመጀመሪያውን ትርጉም ይዘው ነው፤ የሚቻልህን አድርስ፣ ውጤቱን ለአላህ ተው ማለታቸው ነው። ግመሉን ሳያስር በአላህ ልመካ ያለውን ሰው ነቢዩ አስቀድሞ እንዲያስር እንዳዘዙት የሚናገረው ሐዲስም በየመስጊዱ የታወቀ ነው።

በእስልምና ሊቃውንት ዘንድ ይህ ገመድ የጦፈ ክርክር ተነሥቶበታል። እ.ኤ.አ. በ1111 ያረፉት ኢማም አል ገዛሊ እሳትና ጥጥን ምሳሌ አድርገው፣ ጥጡ ሲቃጠል የምናየው እሳቱ መቅረቡንና ጥጡ መክሰሉን ብቻ ነው፤ በሁለቱ መካከል የግድ የሆነ ማያያዣ አናይም፤ የሚያቃጥለው ፈጣሪ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1198 ያረፉት የኮርዶባው ኢብን ሩሽድ ደግሞ ምክንያትን የካደ ሰው ዕውቀትን ራሱን ካደ ሲሉ መለሱ። ብዙ ሰው ክርክሩን እዚህ ላይ ያቆመዋል። ነገር ግን እኒያው አል ገዛሊ ስለ ተወኩል፣ ማለትም በአላህ ስለ መመካት ሲጽፉ፣ እንጀራ ቀርቦለት እጁን ሳይዘረጋ ጥጋብ ከላይ ይፈጠርልኛል ብሎ የሚጠብቅን ሰው አማኝ አላሉትም፤ ዕብደት ነው አሉ። ማያያዣው በራሱ ኃይል እንደማይሠራ አጥብቀው ያስተማሩት ሰው ማያያዣውን መተው ዕብደት መሆኑንም አስተማሩ።

የክርስቲያኑ መጽሐፍም ከዚህ አይርቅም። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሲያለቅስ ጸሎቱ ተሰማ፤ በዕድሜው ላይ 15 ዓመት እንደሚጨመርለት በነቢዩ በኢሳይያስ አንደበት ተነገረው። ከዚህ የበለጠ ዋስትና ከወዴት ይመጣል? ሆኖም ያው ነቢይ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው ቁስሉ ላይ እንዲለጥፉ አዘዘ። ተስፋው ተሰጥቷል፤ በለሱም አልቀረም። በዐቢይ ጾም በየዓመቱ የሚነበበው የጌታ ፈተናም ሌላው ምስክር ነው። ዲያብሎስ ከመቅደሱ ጫፍ ራስህን ወርውር፣ መላእክት ይይዙሃል ሲለው ጌታ መላእክት አይይዙኝም ብሎ አልመለሰም። አምላክን መፈታተን አይገባም አለ። ከጫፉ የሚያወርድ ደረጃ እያለ መወርወር፣ ዳዶ እያለ ሳያጠብቁ ዳገት ላይ መቆም፣ ይህ ሁሉ የእምነት ልብስ የለበሰ ፈተና ነው።

እንጦጦ ይህን ጥያቄ በመኪና ሳይሆን በሰው ሕይወት አይታዋለች። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው ብዙ ሰዎች ወደ እንጦጦ ማርያም ጸበል ወጡ። አካባቢው ላይ ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ማለዳ በብርድ ተጠምቀው፣ ጸበል ጠጥተው ከርመዋል። በ1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ሲጀምር ከባዱ ጥያቄ መጣ፤ ኪኒኑን መዋጥ ጸበሉን መጠራጠር ነውን? መድኃኒቱን የተዉ፣ ጀምረውም ያቋረጡ ነበሩ። ይህን ጥያቄ የጠየቁት ሰዎች መናቅ የለባቸውም። ዘመድ ሲሸሻቸው የተቀበለቻቸው ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ያላቸውን ብቸኛ ተስፋ ማንም እንዲነካባቸው አልፈለጉም። በ1999 ዓ.ም. አምስተኛው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፣ ሁለቱንም መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች ናቸው የሚለው ይህ ትምህርት ስንት ሰው በሕይወት እንዳቆየ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ይህ ጸሐፊ ግን በዚያች ተራራ ላይ በዘመናችን ከተነገሩት ቃላት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ትምህርት ነው ባይ ነው።

ምክንያትን የመናቅ ሥር ከሃይማኖት ብቻ አልበቀለም። የእጅ ሥራን ከመናቅም በቅሏል። ቀጥቃጩ ማረሻችንን ሠርቶልን ቡዳ ስንለው፣ ሸማኔው አልብሶን ስንሰድበው ኖረናል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነገሩ አሳስቧቸው ነው። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ በረሃና ገደል አቋርጦ መኪና እየነዳ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ተሳፈሩበት። አዋጁና መኪናው በአንድ ዓመት መምጣታቸው ግጥምጥሞሽ ሊሆን ይችላል፤ ግን የአንዱ ዕድሜ በሌላው ላይ የቆመ ነው። ከምኒልክ ወዲህ በዚህች ከተማ ዳገት የወጣ መኪና ሁሉ የወጣው አንድ ዘይት የጠጣ ቱታ የለበሰ ሰው ከሥሩ ተኝቶ ስለ ነበር ነው። መኪናው ጸበል ሲረጭ ያ ሰው ብዙ ጊዜ አይታወስም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ሊታለፍ አይገባም። ሁሉ ነገር በምክንያት ከሆነ፣ ዘንጉ ከተስተካከለ፣ ቀለበቷ ከተተካች፣ ታኮው ከተቀመጠ፣ ጸሎቱ ታዲያ ምን ቀረው? ጸሎት ገና ያልተጠገነውን ለመሸፈኛ ብቻ ከሆነ መካኒክ በበዛ ቁጥር ያንሳል ማለት ነው።

መልሱ ከመጋጠሚያው ራሱ ይገኛል። ዘንጉ ምን ያህል ቢስተካከል የሚያደርሰው ከእጅ የተቀበለውን ነው። እጁን ያንቀሳቀሰው ሕይወት፣ ዳገቱን ያቆመው መሬት፣ ጭራሮ የተሸከመችው እናት በዚያች ደቂቃ በዚያ ኩርባ ማለፍ አለማለፏ፣ ከእነዚህ አንዱም በዳዶ አይጠብቅም። እ.ኤ.አ. በ2016 አንቶን የልቺን የተባለ የ27 ዓመት ተዋናይ በሎስ አንጀለስ ገና አዲስ በነበረች ጂፕ መኪናው ተገፍቶ ሞተ፤ ቤቱ ደጅ ያለው ቁልቁለት ላይ ነበር። የጂፗ የማርሽ እጀታ ዘንግም ቀለበትም አልነበረውም፤ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚሠራ ነበር። አምራቹ ወደ 1.1 ሚሊዮን መኪኖችን ከዚያ በፊት ለጥገና ጠርቶ ነበር፤ ሾፌሮች «ፒ» ላይ አደረግን ብለው ሲወርዱ መኪናው ግን እንዳልያዘ ታውቆ። አሮጌው ዘንግ ቀርቶ አዲሱ ሽቦ መጣ፤ በእጅና በካምቢዮ መካከል ያለው ክፍተት ግን እንዳለ ነው። የሚጸልይ ሰው ይህን ክፍተት ስላወቀ ነው የሚጸልየው። ስለሚጸልይም ቀለበቷን ይቀይራል፤ የለመነው ጥበቃ በየትኛው በር እንደሚመጣ አያውቅምና በሩን ሁሉ ክፍት ያደርጋል።

አማርኛ ተናጋሪ ይህን ሳያስበው በቀን አሥር ጊዜ ይለዋል። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣ ባለቤቷ ሒሳቡን ከፍላ «እግዜር ይስጥልኝ» ትለዋለች። ቃሉ ሲፈታ፣ እኔ ያልቻልኩትን ዋጋህን እግዚአብሔር በእኔ ፈንታ ይስጥህ ማለት ነው። «አብሮ ይስጠን» ይላታል። ገንዘቡ ከእጇ ወደ እጁ አልፏል፤ ምስጋናው ግን በላይ በኩል ዞሮ ነው የደረሰው። ሴትዮዋ መካኒኩን አልናቀችም፣ ፈጣሪንም አልረሳችም። የቆየው አነጋገራችን ሁለቱን አጋጥሞ ይዟል።

የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ወደ ተራራው የሚወጣው መኪና በዝቷል። ከ3 ሺሕ ሜትር በላይ ከፍታ ባለው በዚያ መንገድ በማለዳ አትሌቶች ይሮጣሉ፣ ጸበልተኞች ይወጣሉ፣ ጭራሮ ተሸካሚዎች ይወርዳሉ። አሮጌ አውቶማቲክ የምትነዱ አንባቢዎች፣ እጀታችሁ የሚወላከፍ ከሆነ ወይም «ፒ»ን ገፋ ማድረግ ከለመዳችሁ ሳታድሩ አሳዩት። ዳገት ላይ ስትቆሙ በእግር ፍሬን እንደያዛችሁ አስቀድማችሁ የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፣ «ፒ»ን ከዚያ አስገቡ፤ ሸክሙ በትንሿ ጥርስ ላይ እንዳያርፍ። ሽቅብ ስትቆሙ የፊት ጎማውን የጠርዝ ድንጋይ ካለ ከሱ በተቃራኒ፣ ከሌለ ወደ መንገዱ ዳር አዙሩ፣ ታኮውንም አድርጉ፣ ጸልዩም። ስትነሡ ደግሞ ድንጋዩን መሐል መንገድ ላይ ትታችሁ አትሂዱ፤ ማታ ከኋላችሁ የሚመጣ ሞተረኛ አያየውምና ከአስፋልቱ አውጡት።